ልደት በጾም ሰሞን፦ የአንዲት የ15 ዓመት ልጅ ድግስ በደሴ

ልጅቱ ደሴ የምትኖር የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ታኅሣሥ 10 ቀን 2018 ዓ.ም. 15 ዓመት ሞላት። እኔ የእናቷ ታናሽ እህት ነኝ። ድግሱን አብሬያቸው ስላሰናዳሁ ከመጀመሪያው ጭቅጭቅ ጀምሮ የሆነውን ሁሉ አውቃለሁ። የልጃቸው ልደት ጾም ውስጥ የሚውልባቸው ወይም የልጃቸው ጓደኞች ከሁለቱም ሃይማኖት የሆኑ ወላጆች ብዙ ናቸው። ይጠቅማቸዋል ብዬ ነው የምጽፈው።

ቤተሰቡ ሙስሊም ነው። ከልጅቱ ጓደኞች ግማሽ ያህሉ ክርስቲያን ናቸው። ወሎ ውስጥ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሰርግም ይሁን ለቅሶ ሁለት ድስት ይጣዳል። የሙስሊሙ ለብቻ፣ የክርስቲያኑ ለብቻ ይታረዳል። ከዚያ ሁሉም የየራሱን በልቶ አንድ ዳስ ውስጥ ይጫወታል። ስለዚህ እናትየውን የእንግዳው ዓይነት አላስጨነቃትም። ያስጨነቃት ልጇ ያሰበችው ድግስ እሷ ካሰበችው ጋር ጨርሶ አለመገናኘቱ ነው።

ልጅቱ የፈለገችው ካፌ ነው። ጓደኞቿ ብቻ፣ ሴቱም ወንዱም፣ ዲኮር፣ ሙዚቃ፣ ቪዲዮ፣ እስከ ማታ። እናቷ የፈለገችው ቤት ነው። ዘመድና ጎረቤት፣ ዶሮ ወጥ፣ ቡና፣ የአያትየው ዱዓ፣ ሳይመሽ ሁሉም ወደየቤቱ። አባትየው ሥራው ኮምቦልቻ ነው። «እናንተ ተስማሙ፣ እኔ እከፍላለሁ» ብሎ ራሱን ከነገሩ አወጣ። ይህ ለሁለቱም አልረዳቸውም።

ጭቅጭቁ ካፌ ወይስ ቤት በሚል ሰነበተ። ልጅቱ አኮረፈች። እናቷ «እንግዲያው ጭራሽ ይቅር!» አለች። እኔ የገባሁት እዚህ ላይ ነው።

ስሞቹ

ልጅቱን የጠየቅኋት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ማን ማን እንዲመጣልሽ ነው የምትፈልጊው? ጻፊልኝ።» ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ምግቡን የሚወስነው የሚጠራው ሰው ነው። ብዙ ወላጅ ከኬክና ከዲኮር ይጀምርና ኋላ ይቸገራል። ስም ከተጻፈ ግን የተቀረው ነገር በራሱ ውል ይይዛል።

ከደብተሯ ወረቀት ቀዳ መስመር አሰመረች። 23 ስም ጻፈች። ከየስሙ ጎን የምታውቀውን እንድትጨምር ነገርኋት። ወረቀቱ አሁንም እኔ ዘንድ አለ። አንዷ ጎን «ትጾማለች፣ ዓሣም አትበላም» ይላል። ሌላዋ ጎን «አባቷ ከ11 በኋላ አይፈቅዱላትም»። አንድ ልጅ ጎን ደግሞ «ኦቾሎኒ አይስማማውም፣ ከንፈሩ ያብጣል» ተጽፏል። ሁለት ስሞች ሥር ሰረዝ አለ። እሱን ስጠይቃት እርስ በርሳቸው ተጣልተዋል አለችኝ። የ15 ዓመት ልጅ ስለ ጓደኞቿ የምታውቀው ነገር ከምንገምተው በላይ ነው። ይህን ሁሉ እኛ ብንሆን አናውቀውም ነበር።

ወረቀቱን ለእናቷ ሰጠኋት። ቀስ ብላ አነበበችው። ግማሾቹን ሴት ልጆች ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ታውቃቸዋለች። ፊቷ ፈታ አለ። ወንዶቹ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ሰባት ወንድ? እኔ ቤት?»

«ኡሚ፣ አብረውኝ የሚማሩ እኮ ናቸው። አብረን ነው የምናጠናው።»

እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ወሰደብን። እናትየው ክፉ ሰው ሆና አይደለም። ጎረቤት ምን ይላል የሚለው ነገር ከባድ ነው፤ እንደ ቀላል ማየት አይገባም። በመጨረሻ ሁለቱም አንድ አንድ ቃል አስገቡ። እናትየው፦ ድግሱ ላይ እኔ ቤት ውስጥ እሆናለሁ፣ ከሳሎኑ ቀጥሎ ባለው ክፍል ቡናዬን አፈላለሁ፣ በሩም ክፍት ይሆናል። ልጅቱ፦ ይሁን፣ ግን ማንም ትልቅ ሰው እየገባ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ብሎ አይጠይቅ። ሁለቱም ቃላቸውን ጠበቁ።

ካፌውንም የጣለው ይኸው ወረቀት ነው። ልጅቱ ለጥቂት ጓደኞቿ ካፌ ቢሆንስ ብላ ደወለች። ከአንድ ሁለቱ በቀር የሴቶቹ መልስ «እማዬ አትፈቅድልኝም» ሆነ። ቤት ሲባል ግን እናትየው ለእናቶቹ ራሷ ደወለች። «እኔ አለሁ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እሸኛቸዋለሁ» ስትላቸው ሁሉም እሺ አሉ። ልጅቱ ወረቀቷን እያየች «በቃ ቤት ይሁን» አለች። ማንም አላስገደዳትም። እሷው ቆጥራ ነው የወሰነችው።

ቀኑ

ታኅሣሥ 10 ዓርብ ዋለ። የትምህርት ቀን ነው፣ ጁሙዓም ነው። ቅዳሜን አሰብን፤ ኮምቦልቻ ያለው አባት ማታ ነው የሚገባው። የሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ደግሞ ታኅሣሥ 19፣ ገብርኤል ነው። ክርስቲያን ጓደኞቿ ቤተ ክርስቲያን ይውላሉ። ስለዚህ ታኅሣሥ 12 እሁድ ላይ ረጋን። ወር በገባ 12 ሚካኤል በመሆኑ ጎረቤታችን ጠዋት ጽዋ አለባት። እሱን አስቀድማ ነገረችን፤ እኛም በዚያው ልክ አቀድን።

እሁድ ሌላም ጥቅም አለው። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። በሥራ ቀን የሚጾም ልጅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሳይበላ ሊቆይ ይችላል። ቅዳሜና እሁድ ግን ከፍስክ ምግብ መከልከል እንጂ የሰዓት ጾም የለም። ስምንት ሰዓት ላይ ማዕድ ብታቀርብ ሁሉም ይበላል።

ሰዓቱን የወሰነልን ብርዱ ነው። ታኅሣሥ ላይ ደሴን የሚያውቅ ያውቃታል። ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ከገባች ግቢ ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። ስለዚህ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ግቢ፣ ሲበርድ ሳሎን አልን። ሶፋው ወጥቶ ምንጣፍ ተነጠፈ። ወንበሩን ከእድር አመጣን።

ማዕዱ

ትልቁ ነገር ይህ ነው።

እናትየው ዶሮ ወጥ ካልሠራሁ አለች። ልደት ያለ ዶሮ ምን ልደት ነው? ግን ከ23ቱ 12ቱ ይጾማሉ። ባይጾሙም የሙስሊም ሥጋ አይበሉም። የእናትየው መፍትሔ የተለመደው ነበር፤ ሁለት ድስት። ለሙስሊሞቹ ዶሮ፣ ለክርስቲያኖቹ ሽሮ። ልጅቱ አልተቀበለችም።

«እኔ ዶሮ እየበላሁ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ሽሮ ትብላ? ያውም በልደቴ?»

«ታዲያ ላንቺም ሽሮ ላቅርብልሽ? ሰው ምን ይለኛል!»

ነገሩን ሳስበው ልጅቱ ልክ ናት። ሁለት ድስት የሚያስፈልገን በሥጋው ምክንያት ነው። የጾም ምግብ ውስጥ ግን የሚታረድ ነገር የለም። ሙስሊሙም ሳይጠይቅ ይበላል፣ ክርስቲያኑም ሳይጠይቅ ይበላል። ጾሙ ችግር መስሎን ነበር። ለካ ለዚህ ቤት ከፍስኩ ሰሞን ይልቅ የሚመቸው እሱ ነው። ድግሱ ጥር ላይ ቢሆን ኖሮ ሁለት ገበታ መዘርጋታችን አይቀርም ነበር። በጾሙ ምክንያት 12ቱም 11ዱም ከአንድ ትሪ በሉ። ለእህቴ ይህን ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና «እሺ፣ ግን ሽሮ ብቻ አይሆንም» አለች።

አንድ ነገር ደግሞ የዓሣ ነገር ነው። የሐይቅ ከተማ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ከዚያ ደሴ ድረስ ይመጣል። ዓሣ መታረድ አያሻውም፤ ስለዚህ የሙስሊም፣ የክርስቲያን የሚባል ነገር የለውም። በጾም የሚበሉትም አሉ። ሆኖም ሁሉም አይበሉም፤ ወረቀቱ ላይ ከአንዷ በቀር ሌሎችም «ዓሣ አትበላም» የተባሉ ነበሩ። ዓሣ ጥብሱን ሠራነው፤ ግን በሌላ ዘይት ተጠብሶ በሌላ ሳህን፣ ከገበታው ጫፍ ተቀመጠ። የፈለገ ሄዶ ያነሳል። ዋናው ማዕድ ግን ማንንም የማያስቀር ሆነ።

ምን ይቅረብ የሚለውን የቆረጠችው ልጅቱ ናት። «ማንም ልብሱን ለብሶ፣ ተኳኩሎ መጥቶ ወጥ በእንጀራ አይበላም» አለች። እኔም እስማማለሁ። ይህ ዕድሜ ቆሞ፣ እያወራ፣ ስልክ ይዞ ነው የሚበላው። ስለዚህ የምስር ሳምቡሳ፣ ችብስ፣ እርጥብ በዳጣ፣ ፈንዲሻ፣ ቆሎ። እናትየው ደግሞ የራሷን አስገባች፤ ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ፎሶልያ በካሮት፣ ድፎ ዳቦ። ሁለቱም ቀረበ። መጀመሪያ ያለቀው ሳምቡሳው ነው። ሁለተኛ ያለቀው ግን፣ እናትየው እንዳለችው፣ ክክ አልጫው ነው።

ቆሎው ላይ ኦቾሎኒ አልጨመርንም። የምንጠብስበት ዘይትም የሱፍ እንጂ የኦቾሎኒ እንዳይሆን አየን። ያ ልጅ ምንም ሳይጠራጠር በላ።

ጎረቤታችን ቅዳሜ ማታ መጣች። በእጇ ሁለት ብረት ድስት፣ አንድ መጥበሻና ማማሰያ ይዛለች።

«ምነው እትዬ፣ እኛስ ድስት አጥተን ነው?» አለቻት እህቴ።

«የናንተ ድስት ቅቤ የለመደ ነው። ልጆቹ እንዳይጠራጠሩ በኔ የጾም ድስት ይሠራ።»

እኛ አላሰብነውም ነበር። በተለይ የሸክላ ድስት ቅቤ ከመጠጠ ብታጥቢውም አይለቅም። ለሚጾም ሰው ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። እትዬ ያን ምሽት ሽንኩርት ስትከትፍ አመሸች። እሁድ ጠዋት ጽዋዋ ላይ ዋለች። ለልጆቹም እናቶች «በኔ ድስት ነው የተሠራው» ብላ ስለነገረች ማንም ጥያቄ አላነሳም።

ኬኩ

ሦስት ኪሎ የጾም ኬክ አዘዝን። በኪሎ ስምንት እስከ አሥር ሰው ብሎ ማሰብ ደህና ነው።

የጾም ኬክ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ የለውም። በዘይት ነው የሚቦካው። እንቁላሉ የሚያነሳውን ሊጥ ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ያነሱታል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ጋዝ ይፈጥራሉ፣ ጋዙም ሊጡን ይነፋዋል። ግን ኬኩ ከፍስኩ ይልቅ ይፈረፈራል። ልጅቱ ስልኳ ላይ ያሳየችን ባለ ሁለት ፎቁ ለዚህ አይሆንም። ኬክ ሠሪዋ ይህን በግልጽ ነገረቻት። ልጅቱም ሰፊ፣ አንድ ፎቅ ኬክ መረጠች።

ዋናው መጠንቀቂያ ክሬሙ ነው። በዱቄት የሚሸጠው ክሬም ከአትክልት ዘይት የተሠራ ቢሆንም አንዳንዱ ኬዚን የሚባል የወተት ፕሮቲን ይገባበታል። ማሸጊያውን እናያለን ብለን ጠየቅን። ኬክ ሠሪዋ ደግ ሆና አሳየችን፤ የወተት ፕሮቲን አለበት ይላል። ስለዚህ ክሬሙ ቀርቶ ከኮኮዋ፣ ከስኳር፣ ከውሃና ከዘይት የተሠራ ቸኮሌት ተቀባ። «የጾም ነው» መባሉ ብቻ አይበቃም። ማሸጊያውን አንብቡ።

አጎትየው

የአባትየው ታላቅ ወንድም ልደት ማክበርን አይቀበሉም። በእስልምና የለም የሚሉ ወገኖች እንዳሉ ይታወቃል፤ እሳቸውም እንደዚያ ነው የሚያምኑት። ሳይሰሙ ብንደግስ ይከፋቸዋል። ሰምተው ቢመጡና ሻማ ሲነፋ ቢያዩም ይከፋቸዋል።

አባትየው ራሱን ያወጣበትን ነገር እዚህ ላይ ተመልሶ ገባበት። ደወለላቸው። አልተከራከረም። «ልጆቹ ቀን ላይ ይጫወታሉ። እርስዎ ከመግሪብ በኋላ ይምጡ፣ እናታችን ዱዓ ያደርጉላታል፣ ቡና እንጠጣለን» አላቸው። ሻማና ኬክ የቀኑ ሆነ። ማታ ዱዓና ቡና ብቻ። እኔ ይህን ማታለል ነው ብዬ አላየውም። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው፤ ከማንም አልተደበቀም። እህቴም ማታውን ለዘመድ አዝማዷ አገኘች፣ ልጅቱም ቀኑን ለጓደኞቿ አገኘች። መጀመሪያ የተጣሉባቸው ሁለት ድግሶች በአንድ ቀን ሁለቱም ተደገሱ።

ስልኩ

ይህን ብዙ ወላጅ ይረሳዋል። ከሴቶቹ ሂጃብ የሚያደርጉ አሉ። ሴቶች ብቻቸውን ሲሆኑ ያወልቃሉ፣ ይጨፍራሉ። አንዷ ቪዲዮ ቀርጻ ቲክቶክ ላይ ብትለቀው ያቺ ልጅ ቤቷ ምን ይጠብቃታል? ክርስቲያኗም ብትሆን አባቷ ሳያውቅ መታየት የማትፈልግ አለች።

ሕጉን ያወጣችው ልጅቱ ናት፤ እኔ ብናገረው አይሰሙኝም ነበር። በስልካቸው ግሩፕ ላይ ቀድማ ጻፈች። «ያልተጠየቀ ሰው ፖስት አይደረግም። የሴቶቹ ክፍል ስልክ የለም።» መኝታ ክፍሏ የሴቶች ሆነ፤ በሩ ላይ ለስልክ ቅርጫት ተቀመጠ። ሳሎን ውስጥ መቅረጽ ይቻላል፣ ግን የሚታየው ሰው እሺ ካለ ብቻ። አንድ ልጅ ረስቶ ለቀቀ። ባለልደቷ ራሷ ነገረችው፣ ወዲያው አጠፋው። እናቷ ይህን ከቡናዋ አጠገብ ሆና ሰማች። ምንም አላለችም፤ ለእኔ ግን በዓይኗ አሳየችኝ።

ዕለቱ

23 ጠርተን 27 መጡ። ታናሽ እህት ያስከተለች አለች፣ ጓደኛ ያመጣ አለ። ምግቡ ተትረፍርፏል። ኬኩ ቀጠን ቀጠን ተደርጎ ተቆረጠ። ለስላሳው ሁለት ሳጥን፣ 48 ጠርሙስ ስለነበር አልጎደለም። ጠርሙስ መመለስ እንዳለ ለልጆቹ ቀድሞ መንገር ግን ያስፈልጋል፤ ሁለቱን ከአጥር ጥግ ነው ያገኘናቸው።

መጀመሪያ ላይ ወንዶቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ሴቶቹ ግቢው መሃል ናቸው። ሙዚቃ አለ፣ ማንም አይንቀሳቀስም። ልጅቱ ፊቷ ሊጠቁር ሲል እናትየው ከውስጥ ወጣች። ረጅሙን ልጅ «የኔ ልጅ፣ እስቲ ይህን ሳጥን አንሳልኝ» አለችው። ሌላው ሊያግዘው ሮጠ። ሦስተኛው ወንበር እንዲያዞር ታዘዘ። ሥራ የያዘ ልጅ ማፈሩን ይረሳል። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ጦፈ። እናትየውም «የማን ልጅ ነህ» ሳትል የሁሉንም ስም አወቀች።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል የአስር ሶላት አዛን ተሰማ። ስፒከሩ ጠፋ። የሚሰግዱት ወደ ውስጥ ገብተው ሰገዱ፣ የቀሩት ግቢ ውስጥ እያወሩ ጠበቁ። ኬኩን ከሶላቱ በኋላ እንቁረጥ ብለን አስቀድመን ስላሰብን የተቋረጠ ነገር አልነበረም። እስክስታው የመጣው ከኬኩ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ቡና የምታፈላው እናትም ትከሻዋን አላስቻላትም።

11 ሰዓት ተኩል ላይ ሸኘናቸው። ሁለቱ የተጣሉ ልጆች አልታረቁም። አንደኛዋ ቀድማ ሄደች። ልጅቱን ይህ አሳዝኗታል፤ የእኛም አቅም አልነበረም።

ከመግሪብ በኋላ አጎትየው መጡ። አያትየው የራሳቸውን የልደት ቀን አያውቁም። ልጅቱን አጠገባቸው አስቀምጠው ረጅም ዱዓ አደረጉላት። እኛም አሚን አልን። እሳቸው ሲጨርሱ አጎትየው የቀረውን ሳምቡሳ ጠየቁ። አልቆ ነበር።

አሁን ተራው የታናሽ ወንድሟ ነው። የካቲት 20 ቀን 13 ይሞላዋል። በ2018 ዓ.ም. ሁዳዴ የካቲት 9 ይገባል፣ ረመዷንም በዚያው ሰሞን ነው። ቀን ላይ ማዕድ የሚባል ነገር የለም። ልጁ ግን ስም መጻፍ ጀምሯል። የሚያስበው ማፍጠሪያ ሰዓት ላይ፣ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በተምርና በጾም ሳምቡሳ ነው። ያልተፈታው ነገር መመለሱ ነው። ሲጨርሱ ጨልሟል፣ ሙስሊሞቹ ወንዶችም ለተራዊህ፣ ለረመዷን የሌሊት ሶላት፣ መድረስ አለባቸው። አባትየው በዚያ ሳምንት ከኮምቦልቻ ቀደም ብሎ ወጥቶ ልጆቹን በባጃጅ በሁለት ዙር አደርሳለሁ ብሏል። እትዬም ድስቶቿን እስከዚያ እኛ ጋ ትታቸዋለች።